ለእንድሪስ፤ ከምሳ በኋላ ስለሚለወጠው ሐሳብህ

እንድሪሴ፣

ድሮ ጨርቅ ልታመጣ አዲስ አበባ ሄደህ ስትቆይብኝ፣ ደብዳቤዬን «ለጤናህ እንደምን አለህ» ብዬ ነበር የምጀምረው። አሁን ያንን አልጠይቅህም፤ ያንተን ነገር ለአላህ ትቼዋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ከሄድክ ሦስት ወር ከሃያ ቀን ሆነ። ዒዳዬ ሊሞላ ሌላ ሃያ ቀን ቀርቶኛል። አራት ወር ከአሥር ቀን ሙሉ ለባል ኀዘን ከቤት ሳይወጡ መቀመጥ ለሌላዋ ሴት ይከብዳት ይሆናል። እኔ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ከሱቅህ መጋረጃ ጀርባ የኖርኩ ሴት ነኝና መቀመጡ አልከበደኝም። የከበደኝ ሌላ ነው፤ እሱን ልነግርህ ነው የሐሊማን አሮጌ ደብተር ፈልጌ ብዕር ያነሳሁት።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሱቁን ልጅህ ሐሊማ ይዛዋለች። ጧት ጧት ከአዘዞ በሚኒባስ መጥታ ትከፍታለች። አንተ ሦስቴ አጥፈህ፣ በእጅህ ዳብሰህ ታስቀምጠው የነበረውን ጨርቅ እሷ ጠቅለል አድርጋ መደርደሪያው ላይ ትወረውረዋለች። ደንበኛ አያያዝ ግን ታውቅበታለች፤ ገበያተኛው ወዷታል። አያ ተገኘም በረንዳችን ላይ እንደ ድሮው አለ። ለጥምቀት የሚሰፋው ቀሚስ በዝቶበት ስለነበር የስፌት መኪናው ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ሰነበተ። ነገር ግን አንተ በሄድክ በሦስተኛው ቀን ሱቅ ውስጥ ያለውን ቴሌቪዥን በነጠላ ሸፈነው፤ አግዳሚውን ወደ ግድግዳው አስጠጋና መኪናውን ወደ መንገዱ አዙሮ ተቀመጠ። ኀዘን ባለበት ቤት ደጅ የኳስ ጩኸት ነውር ነው አለ። ሁሉም ሰሙት። ከማራኪ፣ ከዩኒቨርሲቲው ይመጣ የነበረው መምህርም ቀረ፤ የሠፈራችን ሰዎችም ቀሩ። የአፍሪካ ዋንጫ ሲጀመር ፒያሳ አንድ ጭማቂ ቤት ተሰብስበው እንደሚያዩ ሐሊማ ነገረችኝ።

እነሱ እኔን አክብረው ነው። እኔ ግን አንተንም ጩኸታችሁንም ባንድ ጊዜ ማጣት አልቻልኩም።

ያን ጩኸት መጀመሪያ ላይ ጠልቼው ነበር እኮ። ሙሽራ ሆኜ እዚህ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሠፈር ስገባ፣ አንተ ያችን ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ከጨርቁ መደርደሪያ በላይ ሰቅለሃት ነበር፤ ፊቷ ወደ በረንዳው፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሁሉ እንዲያያት። ሻይ ላቀብል መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ አሥር ወንድ አንዲት ኳስ ላይ አፍጥጦ አገኛለሁ። አገሮቹን እንኳ በስማቸው አትጠሯቸውም ነበር። ነጭ የለበሰው «አቡጀዲ» ነው፤ ጠቆር ያለው «ካኪ» ነው። ባለቀለሙ ከተገዛ በኋላ ደግሞ ከፈዩም መጣ፣ ፖፕሊኑም መጣ። አገር ጎብኚ እንኳ ቆሞ ቢሰማችሁ ጨርቅ የምትሻሻጡ ይመስለው ነበር።

ኋላ ኋላ ምስሬን በሰፌድ ይዤ ከመጋረጃው ጀርባ መቀመጥ ጀመርኩ። ቴሌቪዥኑ ለእኔ በጎን ነው የሚታየኝ። ኳሷ ስትሄድ አትታየኝም፤ ተጫዋቾቹ ግን ይታዩኛል። ለዚያም ይሆናል እናንተ ኳሷን ስትከተሉ እኔ የቆሙትን ሳይ የኖርኩት።

አንድ ቀን ምሳ እየበላህ፣ ያ መሐል ላይ የሚጫወተው ባለ ስድስት ቁጥር ልጅ ማስተናገድ አይችልበትም አልኩህ። ሳቅህብኝ። ሰርግ ቤት የምታስተናግድ ሴት በእጇ የያዘችውን ወጥ አታይም፤ የማን ሳህን እንደጎደለ ነው የምታየው፤ ይሄ ግን ኳሷ እግሩ ሥር እስክትደርስ አንገቱን አያዞርም፣ ከደረሰችው በኋላ ገና ሰው ይፈልጋል አልኩህ። መሳቅህን ተውክ። እጅህን ታጥበህ ወጣህና ወዲያው «አማካይ ማለት እኮ ሰርግ ቤት እንደሚያስተናግድ ሰው ነው» ስትል ሰማሁህ። ከዚያ አያ ተገኘ «ይሄስ ሸጋ ነገር ነው» አለ። ምስሩን እንደያዝኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

እንዲህ ነው የጀመርነው። ትናንት የታየው ጨዋታ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ይተነተናል፤ አንተ ምሳ ልትበላ ትገባለህ፤ እኔ ያየሁትን እነግርሃለሁ፤ አንተ ይዘኸው ትወጣለህ። ጨዋታው ገና እየታየ ከሆነም በእረፍት ሰዓት «ውኃ ልጠጣ» ብለህ ብቅ ትላለህ። ስንት ውኃ ጠጣህ በዚያ ሠላሳ ዓመት!

ችግሩ፣ አንተ በተፈጥሮህ ከጠንቃቃ አሠልጣኝ ጋር ነህ። ሁለት ተከላካይ አማካይ ከኋላ አቁሞ፣ ኳሷን ወደ ጎንና ወደ ኋላ እያስመላለሰ አቻ የሚወጣ አሠልጣኝ ሲሰደብ፣ የተሰደብከው አንተ ይመስል ፊትህ ይለወጣል። «ጎል ያልገባበት ሰው አልተሸነፈም» ትላለህ። አያ ተገኘ ደግሞ በዚህ ቃል ያብዳል። «ምነው እንድሪስ፣ ልኬት ስወስድ ውዬ ጨርቅ ሳልቆርጥ ልግባ ነው የምትለው?» ይልሃል። አንተም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለህ ትመልስለታለህ። እኔ ምሳ ላይ፣ እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ዳኛው ፊሽካውን ነፋው እልሃለሁ። አጥቂ አማካዩን አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ማን ለማን ያቀብል? አንተ ታኝካለህ፣ ታስባለህ፣ ትወጣለህ፤ ከዚያ «ግን እኮ በሌላ በኩል ስናየው» የሚለው ድምፅህ ይሰማኛል። መምህሩ «ጋሽ እንድሪስ ከምሳ በፊት ከአሠልጣኙ ጋር ነው፣ ከምሳ በኋላ ግን ሐሳቡ ይለወጣል» እያለ ይስቅብህ ነበር።

ጥንቃቄህ ለኳስ ብቻ አልነበረም። አዲስ ጨርቅ ሦስት ሰው ለብሶት ሳታይ አታመጣም። በበጋ ጃንጥላ ይዘህ ትወጣለህ። እኔን ለመጠየቅ እንኳ አባቴ ቤት ሦስት ጊዜ መጥተህ ስለ ዝናብ አውርተህ ተመልሰሃል፤ በአራተኛው አባቴ ራሱ «ልጅ እንድሪስ፣ ዝናቡ ይበቃል» ባይልህ እስከ ዛሬ እዚያው ነበርክ።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ።

ቃሌ በረንዳው ላይ ሲመላለስ መስማት መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። ዓመቱ ሲገፋ ግን ጎረበጠኝ። አንድም ቀን «ይህን ያለችው ዘሃራ ናት» ስትል አልሰማሁም። ባለፈው ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መምህሩ መንገደኛ እስኪዞር ድረስ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አማካይ ማንበብ እንዲህ ነው! እንዲህ ያለ ዓይን ጎንደር ውስጥ የለም!» አለ። አያ ተገኘም ከሱ ብሶ «የለም! የለም!» እያለ ጮኸ። አንተ «አልሐምዱሊላህ» አልክ። ሌላ ምንም አላልክም። ያቺ አልሐምዱሊላህ ወጋችኝ፤ ያን ቀን ራት ሳቀርብልህ ፊቴ ጠቁሮ ነበር፣ ምክንያቱን ግን አልነገርኩህም።

ከዚያ ደረትህን ይጨንቅህ ጀመር። ሐኪም ቤት እንሂድ ስልህ «እስከ ሰኞ እንየው» አልክ። ሰኞ ሲመጣ ሐሙስ አልክ። ሐሙስ ሲመጣ ደግሞ ለሰኞ ቀጠርከኝ። ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴ ቁጣ ሆኖ ወጣ። በጤናህም አቻ ልትወጣ ነው ወይ አልኩህ። በዚያ ባበቃሁ። ግን የከረመውን ሁሉ አወጣሁት፤ በሰው ቃል ስም ያተረፍክ ሰው ነህ፣ ከአፍህ የሚወጣው ሁሉ የኔ ነው፣ እስቲ አንድ ቀን ከራስህ አንድ ነገር ተናገር አልኩህ። አየኸኝና ፈገግ አልክ። «እውነትሽን ነው ዘሃራ» ብለህ ብርጭቆህን አስቀመጥክና ወጣህ።

ሰኞ ሐኪም ቤት ገባህ፤ አምስት ቀን ብቻ ተኛህ። በነዚያ አምስት ቀናት ዘመዱም ጎረቤቱም አልጋህ ሥር እየቆመ፣ ያስቀየምኩህ ካለ አፉ በለኝ ሲልህ፣ አንተም አፉ በሉኝ ስትላቸው፣ እኔ ሾርባ ይዤ፣ መድኃኒት ይዤ ስሮጥ ነበር። እኔና እሱማ ቤት ስንገባ እንባባላለን ብዬ አሰብኩ። ቤት ሳትገባ ቀረህ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ለኔ ነው።

የከበደኝ ይኸው ነበር። ለማንም አልተናገርኩትም።

ዋንጫው ምድቡን ጨርሶ ሩብ ፍጻሜ ሲደርስ ግን ዝምታው አላስቀምጥ አለኝ። ቴሌቪዥኑን ገልጠው እዚሁ በረንዳቸው ላይ እንዲያዩ በሐሊማ ላክሁባቸው። አያ ተገኘ ምነው፣ ሰው ምን ይለናል ብሎ መለሳት። እንድሪስ የሞተው በበሽታ ነው፣ በኳስ አይደለም በይው ብዬ እንደገና ላክኋት። መግሪብ ከተሰገደ በኋላ አንድ በአንድ መጡ። አግዳሚውን ወደ ቦታው ሲመልሱት እግሩ ሲሚንቶው ላይ ሲፋቅ ሰማሁ፤ እንባዬ መጣ።

የዘንድሮው ቡድናችሁ አቡጀዲ ነበር፣ ተጋጣሚው ካኪ። አሠልጣኙን ብታየው ትወደው ነበር፤ ጃንጥላ ያልያዘ እንድሪስ ማለት ነው። ሁለት ተከላካይ አማካዮች ከተከላካዮቹ ፊት ተተክለዋል፤ ያ አጭሩ ባለ ስምንት ቁጥር አግዳሚ ላይ ጫማውን ያስራል ይፈታል። አርባ አምስት ደቂቃ አንድ ኳስ እንኳ ወደ ጎል አልሄደችም። እረፍት ላይ ክርክሩ ተጀመረ፤ ግን በሹክሹክታ፣ እንደ ለቅሶ ቤት። መምህሩ ስልኩን እያየ አሠልጣኙ ልክ ነው አለ፤ እንዲህ ተጫውተው ከምድባቸው አንድም ጎል ሳይገባባቸው ነው ያለፉት። አያ ተገኘ በበኩሉ ስምንት ቁጥሩ እንዴት ያሳዝናል፣ ልጁ እኮ እንደ ትርፍ ጨርቅ ተጣለ አለ። አንተ «ውኃ ልጠጣ» ብለህ የምትነሳበት ሰዓት ነበር። የሚነሳ አልነበረም።

እኔ ነገሩ ታይቶኛል። የአቡጀዲዎቹ ስድስት ቁጥር ኳሷን ወደ ኋላ የሚመልሰው ፈርቶ አይደለም፤ ቀና ሲል ከፊቱ የሚቀበለው ሰው የለም። በራሴ አፍ ብናገረው፣ የእንድሪስ ዕውቀት ከየት ይመጣ እንደነበር ዛሬ ሰው ሁሉ ሊያውቅ ነው። በሕይወት ሳለህ በንግግሬ አዋርጄሃለሁ፤ ሞተህ ደግሞ ስምህን በጓደኞችህ ፊት ላራቁተው? ዝም ብል ደግሞ በረንዳው እንደገና ሊሞት ነው። ስለዚህ ሐሊማን በመጋረጃው ጠርዝ ጠርቼ፣ «አባቴ ቢኖር እንዲህ ይል ነበር» በያቸው አልኳት። ወጥታ አንድ ሳታስቀር ተናገረች።

ቀጥሎ የሰማሁት የአያ ተገኘን ሳቅ ነው፤ እሱ ሲስቅ እንደሚያስለው ታውቃለህ። አስሎ ሲያበቃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ መጋረጃው መልሶ ተናገረ። «እቴ ዘሃራ፣ ምነው ዛሬ በእንድሪስ ስም? እሱ እንኳ ሠላሳ ዓመት ያላደረገውን።»

እንድሪሴ፣ እኔ በመጋረጃው በዚህ በኩል ሆኜ ድምፅህን ብቻ ነበር የምሰማው። እጅህን አላይም። አያ ተገኘ ያን ቀን ነገረኝ። ከመጀመሪያው ከሰርጉ አስተናጋጅ ጀምሮ፣ የኔን ቃል በተናገርክ ቁጥር አውራ ጣትህን በትከሻህ ላይ አድርገህ ወደ መጋረጃው ትጠቁም ነበር አለኝ። ከዚያ ጣትህን ከንፈርህ ላይ ታደርግ ነበር። ሰው ሁሉ ቃሏን እንደሚጠብቅ ካወቀች ታፍራለች፣ ካፈረች አትናገርም፣ ያን ጊዜ እናንተም እኔም ደሀ ሆንን ማለት ነው ብለሃቸው ነበር። በረንዳው ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቅ ነበር። መምህሩም አዲስ ሲመጣ መጀመሪያ የተነገረው ይኸው ነው፤ ከምሳ በኋላ ሐሳቡ ይለወጣል እያለ ይስቅ የነበረውም ለዚሁ ነው።

ያ የወጋኝ ሙገሳስ? እሱንም ጠየቅሁ፤ በመጋረጃው በኩል። መምህሩ ነው የመለሰልኝ። «እትዬ፣ ያን ቀን የጮህነው እርስዎ እንዲሰሙ ነው። ጋሽ እንድሪስ ነው አሞግሱልኝ ያለን፤ እኔ ፊት ለፊት ስነግራት ቀልድ ይመስላታል ብሎ።» አልሐምዱሊላህ ያልከው ስለኔ ነበር።

አንተ ይህን ሁሉ ይዘህ፣ እኔ ያን ክፉ ቃል ስወረውርብህ፣ «እውነትሽን ነው ዘሃራ» ብቻ አልክ። አንዲት ቃል ብትናገር ነጻ ትወጣ ነበር። እዚያም ተጠነቀቅክልኝ። ምስሬን ጥዬ አለቀስኩ፤ ውጪ አያ ተገኘም አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁት።

የጨዋታውን መጨረሻ ሳልነግርህ ልለፈው ብዬ ነበር፤ ግን ትስቅብኛለህና ልንገርህ። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ አሠልጣኙ አንዱን ተከላካይ አማካይ አስወጥቶ ያን ባለ ስምንት ቁጥር አስገባው። በረንዳው ፈነዳ። «ዘሃራ አስገባችው!» አለ አያ ተገኘ። እኔም በኀዘን ልብሴ ሆኜ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ኩራት ተሰማኝ። ልጁ ሁለት ሦስት ሸጋ ኳስ አቀበለ። ከዚያ አንዷን ሲነጠቅ፣ የወጣው ሰውዬ ይቆምበት በነበረው ባዶ ቦታ ካኪዎቹ ሮጠው ገብተው አገቡ። አንድ ለባዶ። ጨዋታው በዚያው አለቀ።

አያ ተገኘ ጥፋቱን ከኔ ላይ ለማንሳት በረኛውን መስደብ ጀመረ፣ ምስኪኑን። ያን ጊዜ መጋረጃውን በእጄ ያዝኩና፣ ወንዶቹ ሁሉ እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። «ጎል ያልገባበት ሰው አልተሸነፈም» አልኩ። ቀጥዬም፣ «ይሄ የኔ አይደለም፤ የእንድሪስ ነው» አልኩ። አያ ተገኘ ከተቀመጠበት ሲነሳ ሰማሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያሳበደውን ያንን ቃል ቀስ ብሎ ራሱ ደገመውና «የእንድሪስ ነው» አለ። ሌሎቹም አሉ።

አሁን ወደ በረንዳው ተመልሰዋል። ዋንጫው አልቋል፤ ክርክሩ ግን አላለቀም። መምህሩ ዛሬም ስምንት ቁጥሩ ባይገባ ኖሮ በፍጹም ቅጣት ምት እናሸንፍ ነበር እያለ ያደርቀኛል። እኔም ከዚህ ሆኜ እመልስለታለሁ፤ አንተ እንዳልከው አፍሬ ነበር፣ አንድ ሁለት ቀን። ከዚያ ለቀቀኝ።

አፉ በለኝ እንድሪሴ። በዚያች ክፉ ቃሌ አፉ በለኝ፤ አልጋህ ሥር ቆሜ ባለማለቴም አፉ በለኝ። በኔ በኩል ምንም የለብህም፤ አንተን አፉ ያልኩህ ገና ፈገግ ስትል ነው፣ አልነገርኩህም እንጂ። አላህ ማረፊያህን ሰፊ ያድርግልህ።

አንተ የኔን ነገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለባለቤቱ ስትመልስ ኖረሃል። እኔም ካሁን በኋላ ያንተን ሳልመልስ አልውልም። ቃል እገባልሃለሁ፤ ሐሊማ መቀሷን ጨርቅ ላይ ለመሰንዘር ስትቸኩል፣ አያ ተገኘ አሠልጣኝ ሲሰድብ፣ የልጅ ልጆችህ በበጋ ጃንጥላህ ሲስቁ፣ ያንተን ቃል እናገራለሁ፤ ተናግሬም የማን እንደሆነ በስምህ ጠርቼ እነግራቸዋለሁ። ጣቴን አልጠቁምም። በአፌ ነው የምለው፣ መንገደኛ እስኪዞር ድረስ።

ዘሃራ